ከቤት ውጭ በዳች ኦቭን ማብሰል ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ገና ድስቱን ሲመርጡ ነው። ለፍም የሚስማማው ዳች ኦቭን ከወፍራም ብረት የተሠራ፣ ሦስት እግሮች ያሉትና ፍም እንዳይንሸራተት የክዳኑ ዙሪያ ከፍ ያለ ድስት ነው። ለወጥ ቤት ተብሎ በኢናሜል፣ ማለትም መስታወት በሚመስል ልባስ፣ የተለበጠው ዓይነት ግን እግር ስለሌለው ፍሙን ያፍነዋል፤ ክዳኑ ጉብ ያለ በመሆኑ ከላይ ፍም አይይዝም፤ ልባሱም በፍም ሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል። ለአንድ ቤተሰብ ባለ 12 ኢንቹ (ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው) ይበቃል፤ ባዶውን ወደ 9 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ግን በእግር ለሚጓዝ ሰው አይመችም።

ሁለተኛው ስህተት ድስቱን በወጉ አለማሟሸት ነው። ዘይት ሲበዛ የተሻለ የሚሟሽ የሚመስላቸው አሉ፤ ውጤቱ ግን የሚያጣብቅ ገጽ ነው። ድስቱ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ዘይቱ በስሱ መቀባት፣ ከዚያም የተቀባ እስከማይመስል ድረስ መወልወል አለበት፤ ቀጥሎ በወጥ ቤት ኦቭን ውስጥ ተደፍቶ በ230 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለአንድ ሰዓት ይቆያል። ተሟሽቶ የተገዛም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ቲማቲም የበዛበትን ምግብ ለረጅም ሰዓት ባያበስሉበት ይመረጣል፤ ኮምጣጣ ነገር ገና ያልጠናውን ልባስ ያነሳዋልና።

ከሁሉ የከፋው፣ ምግብንም በብዛት የሚያበላሸው ስህተት እሳቱን በሙሉ ከታች ማድረግ ነው። ይህን ለመረዳት የድፎ ዳቦን አጋገር ማስታወስ ይበቃል፤ ድፎው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በክዳኑም ላይ እሳት ይደረግበታል። ዳች ኦቭንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ብሪኬት በሚባለው፣ መጠኑ እኩል በሆነ የፋብሪካ ከሰል የሚጠቀም ሰው ለባለ 12 ኢንች ድስት 24 ፍም ቢያዘጋጅ ሙቀቱ ወደ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ዳቦ ለመጋገር 16ቱ በክዳኑ ላይ፣ 8ቱ ከታች ይሆናሉ፤ የታችኞቹም መሐል ላይ ሳይከመሩ በድስቱ ጠርዝ ዙሪያ በክብ ይደረደራሉ። ለወጥ ግን የታችኛው እሳት ይበረታል፤ ሽንኩርት ሲቁላላማ ክዳን ስለማያስፈልግ ፍሙ ሁሉ ከታች ሊሆን ይችላል። በውጭ አገር ድፎ መጋገር የሚናፍቅ ሰው በኮባው ፋንታ የሙዝ ቅጠል ተጠቅሞ ሊሞክረው ይገባል፤ ዳቦው ሊበስል ሲቃረብ የታችኛውን ፍም አንስቶ በላይኛው ብቻ ቢጨርስ ሥሩ አያርም።

ቁጥሩ ግን መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ነፋስ ፍሙን ያፋፍመዋል፤ እርጥብ መሬት ሙቀቱን ይስባል፤ የእንጨት ከሰል ደግሞ ከብሪኬት ይልቅ ቶሎ ነዶ ያልቃል። ስለዚህ ድስቱን በብረት ትሪ ላይ አስቀምጦ ነፋስ መከለል፣ ብሪኬቱም ከሰዓት ያነሰ ጊዜ ብቻ በደንብ ስለሚቆይ ተተኪውን አስቀድሞ ማቀጣጠል ያስፈልጋል። በየ15 ደቂቃው ድስቱን ሩብ ዙር ወደ አንድ ወገን፣ ክዳኑን ደግሞ በተቃራኒው ማዞር ምግቡ በአንድ በኩል ብቻ እንዳያር ያደርጋል።

ክዳኑን ደጋግሞ መክፈትም ሙቀቱን ያባክናል። መክፈት ግድ ሲሆን በማንሻ ቀጥ አድርጎ ማንሳት ይገባል፤ ካዘነበለ አመዱ ምግቡ ውስጥ ይገባል።

በትኩስ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከቀዘቀዘ በኋላ በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ በእሳት ላይ አድርቆ፣ ዘይት በስሱ ቀብቶ ማስቀመጥ ነው፤ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ግን ያዝገዋል።

በመጨረሻ፣ ዝናብ ቢመጣም እንኳ ፍም ወደ ድንኳን ወይም ወደ መኪና ውስጥ አይገባም፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለውና የሚገድል ጋዝ ነው። በምዕራባዊ አሜሪካ ያሉ ሰዎች ደግሞ በደረቁ ወራት ከመውጣታቸው በፊት የእሳት እገዳ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ እገዳው ብዙ ጊዜ ከሰልንም ይጨምራል። አመድ የለበሰ ፍም ለሰዓታት ውስጥ ውስጡን ስለሚነድ፣ ውኃ እያፈሰሱና እያማሰሉ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከቦታው መራቅ አይገባም።