ሰፊ ግቢ ፍለጋ ወደ ከተማ ዳርቻ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ መሐል ተነስቶ ወደ ዳርቻው የሚወጣ ቤተሰብ የሚፈልገው ነገር ግልጽ ነው፤ ልጆች የሚሯሯጡበት ግቢ፣ ጎመንና ጥቂት የፍራፍሬ ዛፍ የሚተከልበት መሬት፣ ጡሩምባ የማይረብሸው እንቅልፍ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በእግር የሚኬድበት ሜዳ። ለዚህም ሲባል ወደ አያትና የካ አባዶ፣ ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ቡራዩና ሰበታ፣ ወደ ገላንና ዱከም፣ ራቅ ሲልም ወደ ቢሾፍቱ የሚያማትረው ሰው ብዙ ነው። ይሁንና አብዛኛው ገዢ ጊዜውን የሚያጠፋው ከአጥሩ ውስጥ ያለውን በመመርመር ነው። የመኝታ ክፍሉን ይቆጥራል፣ ሴራሚኩን ያንኳኳል፣ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ከፍቶ ይዘጋል። ቤት ከተገዛ በኋላ ሊታደስ ይችላል፤ አፈሩን፣ መንገዱን፣ ውሃውን፣ የጎረቤቱን ፋብሪካና የከተማውን ፕላን ግን ባለቤቱ የሚለውጣቸው አይደሉም። ቀጥሎ የሚነሱት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአጥር ውጭ ያለውን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉ የተለመደው ስህተት ቦታውን በጥር ወይም በየካቲት፣ ያውም እሑድ ረፋድ ላይ አይቶ መወሰን ነው። በዚያ ወቅት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ መኪናውም ጥቂት ነው፤ ደላላው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የዓመቱ ዝናብ አብላጫው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ አንድ ሰፈር እውነተኛ ጠባዩን የሚያሳየው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በምሥራቅና በደቡብ በኩል፣ ከሲኤምሲና ከአያት አንስቶ እስከ አቃቂና ገላን ድረስ፣ ብዙው መሬት መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ መረሬው ተቆርጦ ወጥቶ ግንበኞች ሰሌክት በሚሉት አፈር ሳይተካ የተሠራ ቤትም ክረምትና በጋ በተፈራረቁ ቁጥር አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ምልክቱን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ፣ ከቤቱ ግድግዳ ተላቅቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት የፈጠረ የግቢ ንጣፍ፣ በክረምት ተይዞ በበጋ የሚላላ የብረት በር፣ ከሌሎቹ ተለይቶ በቅርቡ ብቻውን ቀለም የተቀባ አንድ ግድግዳ፣ እያንዳንዳቸው ባለቤቱ ያልተናገረውን ይናገራሉ። በጎረቤት አጥር ግርጌ የጭቃ ውሃ ትቶት የሄደ መስመር ካለም ጎርፉ የት ድረስ እንደሚወጣ ማንንም ሳይጠይቁ ማወቅ ይቻላል።

ሱሉልታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሜዳው በጥቅምት ያየውን ሁሉ ያማልላል፤ በክረምት ግን የሜዳው ሰፊ ክፍል ውሃ ይተኛበታል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊትም ውርጭ ይወርድበታል። ከ2,500 ሜትር በላይ የሆነው ከፍታው አትሌቶች ለልምምድ የሚመርጡት ነው፤ ያው ከፍታ አስምና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን እናት ይዞ ለሚገባ ቤተሰብ ሌላ ትርጉም አለው። ስለዚህ ማንኛውንም ቦታ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዝናብ ሲዘንብ፣ ከዋናው አስፋልት እስከ ግቢው በር ድረስ በእግር ሄዶ ማየት ይገባል። ኮብልስቶኑ የት ላይ እንደሚያልቅና ጭቃው ከየት እንደሚጀምር በመኪና ውስጥ ተቀምጦ አይታወቅም።

ሁለተኛው ስህተት ርቀትን በኪሎ ሜትር መለካት ነው። የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከቢሾፍቱ አቅጣጫ የሚመጣውን ሰው ቱሉ ዲምቱ በፍጥነት ያደርሰዋል፤ ከዚያ እስከ መስቀል አደባባይ ያለው አጭር መንገድ ግን ጠዋት ላይ ከረጅሙ የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አያትን ከጦር ኃይሎች ጋር ማገናኘቱ ለአያት ሰፈር ትልቅ ነገር ነበር፤ ሆኖም ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ወደ ውስጥ ርቆ ለተሠራ ቤት ጥቅሙ የሚወሰነው ጣቢያው ድረስ በሚያደርሰው ታክሲ ነው። ትክክለኛው መለኪያ ሰኞ ማለዳ ነው፤ ከታሰበው ቤት በር ተነስቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ ቦታ እስኪደርሱ ያለውን ጊዜ፣ ማታ ደግሞ የመልሱን ጉዞ መያዝ። ትምህርት ቤቱ ቦሌ ሆኖ ቤቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሰንዳፋ ከሆነ፣ 2 ሰዓት ለሚጀምረው ትምህርት ልጁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መነሳት ይኖርበታል፤ ማታም ሰርቪሱ የሚያወርደው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የተገዛለትን ሣር የሚረግጠው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ቤቱንና ትምህርት ቤቱን አንድ ላይ ማዛወር የማይችል ቤተሰብ የግቢውን ስፋት ቀንሶ ቢቀርብ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

የሰነዱ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ገዢው ገንዘብ የሚከፍለው ለቤቱና በቦታው የመጠቀም መብት ነው፤ ሻጩም ይህን መብት በሕጋዊ መንገድ የያዘ መሆን አለበት። በዳርቻው ግን ከገበሬ ጋር በተደረገ የእጅ ጽሑፍ ውል፣ የአካባቢ ሽማግሌዎች በፈረሙበት ወረቀት ወይም «ካርታው በሂደት ላይ ነው» በሚል ተስፋ የሚሸጥ ቦታ ሞልቷል። ዋጋው የሚረክሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል፤ እማኝ በዛም አነሰም ይህን የሚተካ ወረቀት የለም። በየካቲት 2011 በለገጣፎ ሕገወጥ ናቸው የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ዓመታት ኖረውባቸው የነበሩ ቤተሰቦች ሜዳ ላይ መቅረታቸው የሚታወስ ነው። መብራት መግባቱ፣ ውሃ መቀጠሉ፣ ግብር መከፈሉም ለይዞታው ሕጋዊነት በቂ ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ገዢው ካርታውን ይዞ ወደሚመለከተው የመሬት ጽሕፈት ቤት በራሱ እግር መሄድ፣ ማኅደሩ መኖሩን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን፣ ካርታው ላይ ያለው ስፋት በአጥሩ ከተከለለው ጋር መግጠሙን ማረጋገጥ አለበት። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ 500 ካሬ ተብሎ የታጠረ ግቢ በካርታው 350 ሆኖ ሲገኝ ቀሪው የመንገድ ወይም የወንዝ ዳርቻ ክልል ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሚፈርሰውም እሱ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ቦታው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ አለመጠየቅ ነው። ሸገር ከተማ በ2015 ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበሩትን ከተሞች በአንድ አስተዳደር ጠቅልሎ በኦሮሚያ ሥር ተመሥርቷል፤ ስለዚህ መታወቂያው፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ የመሬት ማኅደሩና የመንግሥት ትምህርት ቤቱ የማስተማሪያ ቋንቋ በአዲስ አበባ ካለው የተለየ ነው። ይህ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ ልጆቹ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፈው ማደጋቸው ሀብት ነው። ጉዳት የሚሆነው ቤተሰቡ ሳያውቀው ገብቶ፣ ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይዞ በመስከረም የሚያስገባበት ትምህርት ቤት ሲያጣ ነው።

ሌላው ስህተት ከግቢው ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ሜዳ እንደ ቋሚ ነገር መቁጠር ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሞላባቸው የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ጤፍ የሚዘራባቸው እርሻዎች ነበሩ። በ2009 የጸደቀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ መድቧል፤ ጥያቄው ከመስኮትዎ የሚታየው ሜዳ ከሦስቱ በየትኛው ቀለም ተቀብቷል የሚል ነው። ፕላኑን የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፕላኑ ለ10 ዓመት የታቀደ ስለሆነ ቀጣዩ ምን ሊያመጣ እንደሚችልም ማሰብ ያስፈልጋል። የሪል እስቴት ኩባንያ በማስታወቂያው ላይ የሣለው የልጆች መጫወቻና የእግር መንገድም ቢሆን በሽያጭ ውሉ ውስጥ በስፋትና በማስረከቢያ ጊዜ ካልተጻፈ ሥዕል ብቻ ነው፤ ኋላ ላይ ብሎክ ሲበቅልበት የሚከራከሩበት ወረቀት አይኖርም።

ውሃን በተመለከተ የሻጩን ቃል ከመስማት ይልቅ የጎረቤትን ጣሪያ ማየት ይበቃል። እያንዳንዱ ግቢ ላይ ሁለትና ሦስት ሮቶ ተደርድሮ ከሆነ ውሃው በፈረቃ፣ ምናልባትም በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ይመጣል ማለት ነው። የለገዳዲ ግድብ አቅራቢያ መኖርም ቧንቧው ይንጠባጠባል ማለት አይደለም። አትክልት ማልማት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ለመጠጥና ለልብስ የሚበቃው ውሃ ለጓሮው እንደማይበቃ፣ በቦቴ ተገዝቶ የሚጠጣ ጎመንም ከገበያው ጎመን እንደሚወደድ አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያ ሰብስቦ የሚያስቀምጥ የመሬት ውስጥ ጋን የሚሠራበት ቦታ በግቢው ውስጥ ካለ ግን ነገሩ በጣም ይለወጣል።

ሽታና ድምፅ በቀን ጉብኝት አይገኙም። በአቃቂ በኩል ያሉ ፋብሪካዎች፣ በየኮረብታው ያሉ የድንጋይ ካባዎች፣ በሰበታና በሆለታ አካባቢ ያሉ የአበባ እርሻዎች ነፋሱ ሲዞር ነው የሚታወቁት። ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ መቀመጫ ናት፤ በአቅራቢያዋ አቡሴራ ላይ ደግሞ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ስለታሰበ፣ ጸጥታ ፍለጋ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የአውሮፕላኖቹን መስመር ማጥናት ይኖርበታል። ጅብን የማያውቅ የከተማ ልጅም ከአጥሩ ውጭ ከመሸ በኋላ መጫወት እንደማይችል ቢነገረው ይሻላል፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

ግቢው ሰፊ ስለሆነ ብቻ የውጭ ኑሮ ይኖራል ብሎ ማሰብም ሌላ ጥፋት ነው። 400 ካሬ ግቢ ገዝቶ ሰርቪስ ቤት፣ የመኪና ማቆሚያና የውሃ ጋን ከሠራ በኋላ ቀሪውን በንጣፍ የሸፈነ ቤተሰብ ልጆቹ ኳስ የሚመቱት በሩ ፊት ለፊት ያለው ኮብልስቶን ላይ ነው። በአንጻሩ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ጠባብ ግቢ ይዞ የሚኖር ሰው በ2013 የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክና የጉለሌን የዕፅዋት ማዕከል በቅርብ ርቀት ያገኛል። በቢሾፍቱም እንዲሁ ሐይቅ አለ ማለት ሐይቅ ይደረስበታል ማለት አይደለም፤ የባቦጋያና የኩሪፍቱ ዳርቻ አብዛኛው በሆቴልና በግል አጥር የተያዘ ነው። ቦታው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነም የወባ አጎበር የኑሮው አካል ይሆናል። ሆራ ላይ ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ የሚከበረውን ኢሬቻ በደጃፉ ማግኘት ግን የማንም ግቢ የማይሰጠው ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ሰው ነው። ዳር የወጣ ቤተሰብ ከእድሩ፣ ከማኅበሩና ከቡና አጣጪው ይርቃል። አዲሱ ሰፈር እድር አለው ወይ፣ መግቢያው ስንት ነው፣ አዲስ አባል ይቀበላል ወይ ብሎ መጠየቅ ከሴራሚኩ ጥያቄ በፊት መምጣት አለበት። አዛውንት ወላጅ ካሉ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድንገት ቢታመሙ የትኛው ሆስፒታል በምን እንደሚደረስ መታወቅ ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ስህተት ሳይከራዩ መግዛት ነው። በተመረጠው ሰፈር ውስጥ አንድ ክረምት ተከራይቶ መኖር ከላይ የተነሳውን አብዛኛውን ጥያቄ ያለ ደላላ ይመልሳል፤ የሚወጣው ኪራይም ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ስለሚደነግግ፣ ተከራዩ ከመፈረሙ በፊት ቀድሞ መልቀቅ ቢፈልግ በምን ያህል ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንደሚወጣ በውሉ ላይ በግልጽ ማስፈርና ውሉን ማስመዝገብ አለበት። ለመግባትም ሰኔ መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ይመረጣል፤ ልጆቹ ጭቃውን በእረፍታቸው ይለምዱታል፣ ቤተሰቡም የመስከረሙ ምዝገባ ሳያልፍ የት እንደሚያስተምራቸው ይወስናል።