ባዶ የቀሩ የሞል ፎቆችን በጥበብ ማነቃቃት

አዲስ አበባ ውስጥ ካፌውና ባንኩ ታች ሞልቶ፣ ላይ የተቆለፈ የመስታወት በር የተደረደረበት ሞል ብዙ ነው። እኔ ሰዓሊ ነኝ። መሥሪያ ቦታ ያጡ ጓደኞቼን ሳስብ እነዚያ በሮች ያንገበግቡኛል።

ባዶውን ሱቅ ለጥበብ ሥራ ለመጠየቅ የሕንፃውን ባለቤት ስታነጋግሩ ከውሉ ጀምሩ። አውስትራሊያ ውስጥ ማርከስ ዌስትበሪ በ2008 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ሪኒው ኒውካስል የተባለ ድርጅት፣ በኒውካስል ከተማ መሃል ባዶ የቀሩ ሱቆችን በየ30 ቀኑ በሚታደስ ፈቃድ ለአርቲስቶች ይሰጥ ነበር። ከፋይ ተከራይ ከመጣ ቤቱ ይመለስ ነበር። ባለሀብቱ የሚፈራው «ከገቡ አይወጡም» ብሎ ነው። ስለዚህ የመልቀቂያውን ነገር ራሳችሁ ቀድማችሁ ጻፉለት። መብራት ማን ይከፍላል? ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ይቻላል? ቅዳሜ ማታ ዘበኛው እስከ ስንት ሰዓት ይከፍታል? ሁሉም ወረቀት ላይ ይስፈር።

ደረጃው አጠገብ ያለውን ሱቅ ጠይቁ። ሊፍት በቆመ ቁጥር አምስተኛ ፎቅ የሚወጣ የለም።

ሥዕል ሰቅላችሁ ብቻ አትሂዱ፤ ሰው ሲሠራ ይታይ። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ ከነመወርወሪያው ጋብዙ። የአለ ፈለገሰላም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በር ከፍተው ይሳሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ማሲንቆና ግጥም፣ ለልጆች ደግሞ የቀለም ጠረጴዛ ይኑር። ልጁ ሲስል ወላጁ ታች ወርዶ ማኪያቶ ያዛል። የካፌው ገበያ ጨምሮ እንደሆነ ጠይቁና ለሕንፃው ባለቤት ንገሩት፤ ፈቃዱን ስታሳድሱ ይጠቅማችኋል።