ጠዋት ቡና ስር ተንበርክከን ፎቶ ስናነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

የካቲት ላይ ጅማ ዙሪያ ዝናብ ጣል ካደረገ፣ ከሳምንት በላይ ቆይቶ አንድ ጠዋት ቡናው ሁሉ ነጭ ለብሶ ያድራል። ሽታው ከአበባው ቀድሞ ይደርሳል። ያን ሰሞን ስልኩን ይዞ ቡና ስር የሚገባው ብዙ ነው። ፎቶው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ የነጣ አበባ፣ የደበዘዘ ቅጠል፣ መሃል ላይ የስልክ ጥላ። ከዚያ ጥፋቱ በካሜራው ይላከካል። እኔም ስንት ጊዜ አላክኬያለሁ።

ረፍዶ መውጣት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በየካቲት ጅማ ላይ ጀንበር የምትወጣው 12፡45 አካባቢ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 15 ዲግሪ ከፍ ትላለች። ስለዚህ ለስላሳው ብርሃን ብዙ አይቆይም። 2 ሰዓት ሲል መጠንከር ይጀምራል። 3 ሰዓት ላይ በጥላ ዛፉ መሃል ሾልኮ የሚወርደው ብርሃን ቅጠሉን ዥንጉርጉር ያደርገዋል። ያንን የሚያስተካክል አፕ እስካሁን አላየሁም። «ቁርስ በልቼ እወጣለሁ» ያለ ሰው በቃ፣ ቀርቷል። 12፡30 ላይ ቦታው ላይ ተገኙ። ጉም ካለ ግን እሰየው፤ ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ትርፍ ሰዓት አገኛችሁ ማለት ነው።

ሁልጊዜ ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ

«ፀሐይን ለጀርባህ ስጥ» የድሮ ምክር ነው። ለሠርግና ለምረቃ ፎቶ ይሠራ ይሆናል። ለጤዛ አይሠራም።

ቦዬ ረግረግ ዳር አንድ የሸረሪት ድር አግኝቼ ነበር። ፀሐይዋን ከኋላዬ አድርጌ ሳየው ተራ ግራጫ ክር ነው። ሱሪዬ በጤዛ እየራሰ ዞሬ ከማዶ ቁጭ አልኩ። አሁን ፀሐይዋ ከድሩ ኋላ ሆነች። ያ ግራጫ ክር ጨሌ ሆነላችሁ! እያንዳንዷ ጠብታ ለብቻዋ በራች። ጠጋ ብዬ አንዷን ሳያት፣ ከኋላዋ ያለው ሣርና ሰማይ ተገልብጦ ውስጧ ተቀምጧል፤ ሰማዩ ከታች፣ ሣሩ ከላይ። ጠብታ እንደ ሌንስ ብርሃን ትሰብራለችና። እንዲህ ያለውን ስታነሱ ፎከሱን ክሩ ላይ ሳይሆን ውስጧ የሚታየው ምስል ላይ አድርጉት።

የቡና ቅጠልም እንዲሁ ነው። ፊቱ አንጸባራቂ ስለሆነ ከፊት የመታው ብርሃን ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይመለሳል። ከኋላ ሲመታው ግን የቅጠሉ ደም ሥር ሁሉ ተቆጥሮ ይታያል። ብቻ ፀሐይዋ ቀጥታ ሌንሱ ላይ እንዳታርፍ በእጃችሁ ወይም በኮፍያ ከለል አድርጉ።

አበባው ላይ መለጠፍ

ስልክ ከተወሰነ ርቀት በታች ፎከስ አያደርግም። እኛ ደግሞ እንቢ ሲል ጭራሽ እንጠጋዋለን፤ ጥላችንም አብሮ ይገባል። ትንሽ ራቅ ብላችሁ አንሱና ቤት ስትገቡ ዙሪያውን ቁረጡት። ከዚያ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ግማሹ «ጉም» የጣት ቅባት ነው።

ትልቅ ካሜራ ያላችሁ፣ ኤፍ 2.8 ላይ አትሙቱ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። በዚያ ቅርበት ጥርት የሚለው ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ የአበባው አንድ ጫፍ ተይዞ ሌላው ይጠፋል። ኤፍ 8 ወይም 11 ይሻላል። 22 ድረስ መሄድ ደግሞ ምስሉን መልሶ ያደበዝዘዋል።

ነጩን ማቃጠል

ስልኩ ዙሪያውን ያለውን ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ያይና «ጨልሟል» ብሎ ያበራዋል። አበባው ያኔ ነጭ ወረቀት ይሆናል። አበባውን ስክሪኑ ላይ ነካ አድርጉና ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት፣ የአበባው መስመሮች እስኪመለሱ። የጨለመውን ጎን በነጭ ወረቀት ብርሃን መልሱለት። ፍላሹን እርሱት።

ከንፋስ ጋር መታገል

ቅርንጫፉን አትያዙት፤ እጃችሁም ይንቀጠቀጣል። ጠብቁ። ንፋስ ቆም ይላል፤ ያኔ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ደጋግማችሁ አንሱ። ካሜራ ከሆነ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ ባይዘገይ ጥሩ ነው።

ቀጥፎ ማስተካከል

አንድ ጠዋት ቡና ስር በሆዴ ተኝቼ አንድ ሽማግሌ ከላዬ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?»

«አባባ፣ አበባ እያነሳሁ ነው።»

«ከመሬት?»

«አይ፣ ፎቶ።»

ሳቁ። ወዲያው ግን ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ። እይታዬን የከለለች አንዲት የአበባ ዘለላ ቀጥፌ ይዤ ነበር። ምንም አላሉም። አንስተው ቆጠሩት፤ አሥራ አንድ አበባ። እያንዳንዱ ለሳቸው አንድ የቡና ፍሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚከልለኝን በክር ቀስ ብዬ ወደ ጎን አስሬ ስጨርስ እፈታዋለሁ። ሳያስፈቅዱ የሰው ቡና ውስጥ አለመግባትም አለ፤ ይሄን ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

ነገም አለ ማለት

አበባው ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። ፎቶውን እዚያው ቆማችሁ፣ አጉልታችሁ እዩት፤ በትንሹ ስክሪን ሁሉም ጥርት ያለ ይመስላል። እኔ አምና ረቡዕ ያነሳሁትን ሐሙስ ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሁሉም ደብዝዞ አገኘሁት። ቅዳሜ ስመለስ አበባው ቡናማ ሆኖ መሬት ላይ ረግፏል።