ስለ ጦር መርከብ ሶናርና ስለ ዓሣ ነባሪዎች ሲወራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ዓሣ ነባሪዎች በአንድ ጊዜ ወደ ባሕር ዳርቻ ወጥተው ሲሞቱ ክርክሩ ወዲያው ይጦፋል። የሚከሰሰው ሶናር ነው፤ መርከቦች ውሃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚፈልጉበት መሣሪያ። አንዱ «ባሕር ኃይሉ ፈጃቸው» ይላል። ሌላው «ከአገር ደኅንነት አይበልጡም» ይላል። እኔ ለእንስሳቱ አዝናለሁ፤ ወገኔንም አልደብቅም። ግን በደካማ መረጃ የቀረበ ክስ የሚጠቅመው ተከሳሹን ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሣ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሶናር ሁሉ ያው ነው» ማለት

አይደለም። አንዳንዱ ሶናር ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ማንንም አይረብሽም። ችግሩ ያለው ድምፅ የሚለቀው ላይ ነው። በጅምላ ሞት ስሙ ቶሎ ቶሎ የሚነሣው ደግሞ ከ1 እስከ 10 ኪሎኸርዝ ባለው ድግግሞሽ የሚሠራው የጦር መርከብ ሶናር ነው። ባሕር ኃይሎች ይህን የሙጥኝ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በባትሪ የሚሄድ ሰርጓጅ መርከብ ድምፁ እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ በማዳመጥ ብቻ ማግኘት ይከብዳል። ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን መጠበቅ ግድ ይላል።

ዴሲቤሉን በቀጥታ ከጄት ጋር ማወዳደር

የአሜሪካ የጦር መርከቦች ሶናር ከምንጩ አጠገብ 235 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይደርሳል። ይህን የሰማ ሰው «ጄት እኮ 140 ነው!» ብሎ ይደነግጣል። የውሃና የአየር ዴሲቤል ግን መነሻቸው የተለያየ ነው። ለማነጻጸር ከውሃው ቁጥር ላይ 62 ያህል መቀነስ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላም የሚቀረው 173 ነውና ቀላል ድምፅ አይደለም። ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ይዳከማል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ በግርድፉ 60 ዴሲቤል ያጣል። ዋናው ጥያቄ እንስሳው ጋ ሲደርስ ስንት ሆነ የሚለው ነው። ባሃማስ ውስጥ በተደረገ ጥናት ባለምንቃር ዓሣ ነባሪዎች (አፋቸው እንደ ምንቃር የሾለ ዝርያዎች) በውሃው መለኪያ በ140 ዴሲቤል አካባቢ አደናቸውን አቋርጠው አካባቢውን ለቀው ሄደዋል። ለመመለስ ሁለት ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል።

«ድምፁ ጆሯቸውን አፈንድቶ ገደላቸው» ማለት

ይህ በጣም የተለመደው ነው። እውነታው ግን ከዚህ ይልቅ ያሳዝናል።

በሴፕቴምበር 2002 የኔቶ መርከቦች የስፔን በሆኑት ካናሪ ደሴቶች አጠገብ ልምምድ ያደርጉ ነበር። ሶናሩ ሥራ ከጀመረ ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ባለምንቃር ዓሣ ነባሪዎች ፉዌርቴቬንቱራና ላንዛሮቴ በሚባሉት ደሴቶች ዳርቻ ላይ መውጣት ጀመሩ። በጠቅላላው 14 ነበሩ። የላስ ፓልማስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ሬሳዎቹን ትኩስ እንዳሉ ከፈቷቸው። ያገኙት ነገር ያልተለመደ ነበር፦ በደም ሥሮቻቸውና በአካላቸው ውስጥ የጋዝ አረፋና የስብ ቅንጣት፣ በየቦታው ደግሞ የደም መፍሰስ። ከጥልቅ ባሕር በፍጥነት የወጣ ጠላቂ ላይ የሚታየውን ሕመም ይመስላል። የለስላሳ ጠርሙስ ክዳኑ ሲነሣ የሟሟው ጋዝ አረፋ ሆኖ እንደሚወጣ ማለት ነው፤ እዚህ ግን አረፋው የሚፈጠረው ሰውነት ውስጥ ነው።

እነዚህ እንስሳት ከአጥቢዎች ሁሉ ጥልቅ ጠላቂ ናቸው። የኩቪዬር ባለምንቃር የሚባለው ወደ 3 ሺህ ሜትር ወርዶ ተመዝግቧል። መላ ሰውነቱ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ለመውረድም ለመውጣትም የራሱ ሥርዓት አለው። ብዙ ተመራማሪዎች የሚስማሙበት ማብራሪያ ሶናሩ ያስደነግጠዋል፣ እሱም አጠላለቁን ያዛባል፣ ጋዙም መቆጣጠር ከሚችለው በላይ ይሆናል የሚል ነው። በዝርዝሩ ላይ ዛሬም ይከራከራሉ። የሚገድለው የገዛ ሽሽቱ ከሆነ ግን ጆሮን የማይጎዳ ድምፅም ሊገድል ይችላል ማለት ነው።

ወደ ባሕር ዳርቻ የወጣ ሁሉ የሶናር ሰለባ ነው ማለት፣ ወይም ሬሳ ካልታየ ጉዳት የለም ማለት

ዓሣ ነባሪዎች በበሽታ፣ በመርከብ ግጭትና በዓሣ መረብም ይሞታሉ። በቁጥር ካየነው መረብ ከሶናር እጅግ የበለጠ ይፈጃል። የሶናርን ጉዳይ የሚያስጠረጥረው ሁኔታው ነው። ባለምንቃር ዝርያዎች፣ በሰዓታት ልዩነት፣ በአንድ ቦታ ሳይከማቹ በሰፊ ዳርቻ ተበታትነው ሲወጡ፣ ባቅራቢያው ደግሞ ልምምድ ሲኖር።

በማርች 2000 ባሃማስ ላይ የሆነው ይኸው ነው። 17 እንስሳት ወጡ። አንዱ የወጣው እነዚሁኑ ዓሣ ነባሪዎች ሲያጠና የኖረው ኬን ባልኮምብ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ባልኮምብ ቀድሞ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው ነው። የሁለት ሬሳዎችን ጭንቅላት ቆርጦ በማቀዝቀዣ ባያቆይ ኖሮ ማስረጃው በፀሐይ በስብሶ ይጠፋ ነበር። በ2001 መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ራሱ ከመንግሥት የባሕር ተመራማሪዎች ጋር ባወጣው ዘገባ የመርከቦቹ ሶናር ዋነኛው መንስኤ ሳይሆን እንደማይቀር አመነ።

ባልኮምብ እዚያ ባይኖርስ? ብዙው ሬሳ ይሰምጣል፤ ማንም አያየውም። የማይሞተውም ቢሆን ይጎዳል። ደቡብ ካሊፎርኒያ አጠገብ መከታተያ የተለጠፈባቸው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ሶናር መሰል ድምፅ ሲለቀቅባቸው መመገባቸውን ያቆሙበት ጊዜ አለ።

«መርከቡ ላይ የሚቃኝ ሰው አለ፤ እንስሳ ካዩ ሶናሩን ያጠፉታል» ብሎ መተማመን

ለአንዳንድ ዝርያ ይረዳ ይሆናል። ግን በ2020 ይፋ የሆነ ጥናት አንድ የኩቪዬር ባለምንቃር 222 ደቂቃ ሳይተነፍስ ከውሃ በታች መቆየቱን አሳይቷል። መርከቡ መጥቶ ሲያልፍ እሱ ገና ታች ነው። መርከበኛው በቅን ልቦና ቢቃኝስ ምን ያያል?

«ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሶናር አይጎዳም ብሏል» ማለት

አላለም። በኖቬምበር 2008 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባሕር ኃይሉን ደግፎ የወሰነው በደቡብ ካሊፎርኒያ ልምምድ ላይ ከተጣሉት ስድስት ገደቦች በሁለቱ ጉዳይ ነው። አንዱ እንስሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ሲታይ ሶናሩ ይጥፋ የሚለው ነበር። ዳኞቹ ያሉት ጉዳት ቢኖር እንኳ የልምምዱና የሕዝቡ ጥቅም ያመዝናል ነው። አራቱን ገደቦች ባሕር ኃይሉ እዚያ ፍርድ ቤት አልተከራከረባቸውም። በ2015 ደግሞ በሌላ ክስ ተስማምቶ፣ በሃዋይና በደቡብ ካሊፎርኒያ በተለዩ ቦታዎች ሶናር ላለመጠቀም ለተወሰኑ ዓመታት ቃል ገባ። እዚያው ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ ያላችሁ ወገኖች፣ ጉዳዩ እደጃችሁ ነው።

«ወይ ባሕር ኃይል፣ ወይ ዓሣ ነባሪ» ማለት

ይህን ምርጫ የካናሪ ደሴቶች ታሪክ አፍርሶታል። እዚያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ልምምድ ሲኖር ባለምንቃሮች ደጋግመው ይሞቱ ነበር። በ2004 የስፔን መንግሥት በደሴቶቹ ዙሪያ በ50 የባሕር ማይል ውስጥ ሶናር ከለከለ። በ2013 ተመራማሪዎች ሲገመግሙ ከእገዳው በኋላ እንዲህ ያለ የጅምላ ሞት አልደረሰም። ስፔን ባሕር ኃይሏን አልበተነችም፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው።

እገዳው ግን የካናሪ ብቻ ነው። በ1996 ግሪክ ኪፓሪሲያ ባሕረ ሰላጤ የሞቱት፣ በ2006 ደግሞ በስፔን አልሜሪያ ዳርቻ የወጡት አራቱ የሜዲትራኒያን ባሕር ባለምንቃሮች ነበሩ። የካናሪን ውጤት የገመገሙት ተመራማሪዎች ክልከላው ወደዚያም ይስፋ ሲሉ ጠይቀዋል። እኔም የምደግፈው ይህንኑ ነው።