ከግሸን መልስ ባትዎ ሲያስቸግርዎ

አክስቴ መስከረም 21 ግሸን ማርያምን ተሳልማ በተመለሰች ማግስት፣ የቤቷን ሦስት እርከን ደረጃ ግድግዳ ይዛ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ የኋሊት ስትወርድ አገኘኋት። «ዳገቱ ነው የጨረሰኝ» አለችኝ። እግሯን እንዲህ ያደረገው ግን ቁልቁለቱ ነው። ዳገትና ቁልቁለት የሚጎዱት ቦታ ስለሚለያይ መፍትሄውም አንድ አይደለም።

ሁለቱም እግር በማግስቱ ሲደድር

ዳገት ስንወጣ ጡንቻ እየተኮማተረ ይገፋናል። ስንወርድ ደግሞ እየተለጠጠ ክብደታችንን እንደ ፍሬን ይይዛል፤ የጭንና የባት ጡንቻ በጥቃቅኑ የሚጎዳው ያን ጊዜ ነው። ሕመሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ብዙውን ጊዜ ሳምንት ሳይሞላ ይለቃል።

አልጋ ላይ አይዋሉ። ሜዳ ሜዳውን ቀስ ብለው ይራመዱ፣ በደንብ ይብሉ፣ ውሃ ይጠጡ። ለከርሞ ከጉዞው አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው አጠር ያለ ቁልቁለት ይውረዱ፤ ደሴ ላለ ሰው ጦሳ ቅርቡ ነው። አንዴ የለመደ ጡንቻ በሁለተኛው ጉዞ ያን ያህል አይጎዳም። ሽንትዎ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ጠዋት ሲያም

ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ጅማቱን በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያድርጉት። ካመመዎት ወይም ከሌላው እግር ወፍሮ ካገኙት፣ ችግሩ አኪሊስ የሚባለው ጅማት ላይ ነው። የባትን ጡንቻዎች ከተረከዝ ጋር የሚያያይዝ፣ በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙ ነው። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም እንደሚወስደው ባለ ዳገት ላይ እንደተወጠረ ይውላል፤ ደም እንደ ጡንቻ በብዛት ስለማይደርሰው ደግሞ ቶሎ አያገግምም።

ሰው ሁሉ ቅቤ ቀብቶ ያሸዋል። እኔ አልመክርም፤ ጅማት የሚጠነክረው በልኩ ሸክም ሲያገኝ ነው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግርዎ ጣቶች ይቁሙ፤ በሁለቱም እግር ከፍ ይበሉ፤ ክብደቱን ወደ ታመመው እግር ያዙሩና ተረከዝዎን ከጠርዙ በታች ቀስ አድርገው ያውርዱ። 15 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ ጠዋትና ማታ። ጉልበትዎን ቀጥ አድርገው ከጨረሱ በኋላ አጠፍ አድርገው ይድገሙት፤ ያን ጊዜ ሥራው ወደ ውስጠኛው የባት ጡንቻ ይሄዳል። 12 ሳምንት ይፈጃል፤ እባክዎ በሦስተኛው ሳምንት አይተዉት። ሕመሙ አጥንቱ ላይ ከሆነ ግን ከጠርዙ በታች ሳይወርዱ ሜዳ ላይ ይሥሩት። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ እየወሰዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ጅማትን ለመበጠስ ያጋልጣል።

ድንገት ከኋላ በድንጋይ የተመቱ ያህል ተሰምቶዎት ጣት ላይ መቆም ካቃተዎት፣ በሆድዎ ተኝተው እግርዎን ከአልጋው ጫፍ ያንጠልጥሉና ሰው ባትዎን ጨመቅ ያድርግ። የእግርዎ መዳፍ ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሷል ማለት ነው። ወጌሻ ሳይነካው ሆስፒታል።

ወደ ጉዞው መጨረሻ ቁርጭምጭሚት ሲታጠፍ

ሐኪም የአኪሊስን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው የእግራችን መዳፍ ሳናዘው ወደ ታች ይረግጣል፤ ሪፍሌክስ የሚሉት ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ የሄደ ጡንቻ ይህ ምላሹ ይዳከማል፤ ጠጠር ላይ የምንወድቀውም ሲመሽ ነው። ከመውረድዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ይረፉ፣ የጫማዎን ክር ያጥብቁ፣ ዱላ ይያዙ። ካረፉም በኋላ አንድ እግር ብቻ ከደነዘዘ፣ ከወገብዎም እስከ እግር የሚወርድ ሕመም ካለ፣ ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ።

ሌሊት ባት ሲጨብጥ

ጉልበትዎን ዘርግተው የእግርዎን ጣቶች ወደ ራስዎ ይሳቡ።

አንድ ባት ብቻ አብጦ ሲሞቅ

በተለይ ከእግር ጉዞው በኋላ ደሴ–አዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠው ከዋሉ፣ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በፍጹም አይታሽ፤ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ።