የድምፃዊ ፊርማ ያለበት ሸክላ በኢንተርኔት ልትገዙ ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ሸክላና ካሴት የምንሰበስብ ሰዎች ብዙ ስላልሆንን እንተዋወቃለን። ሰሞኑን ዓባይ ማዶ ያለ አንድ ወዳጄ በቴሌግራም የተለጠፈ ሸክላ አሳየኝ። ሽፋኑ ላይ የጥላሁን ገሠሠ ፊርማ አለበት። «ልግዛው እንዴ?» አለኝ። «መጀመሪያ የጀርባውን ፎቶ አስልክ» አልኩት። ሲመጣ፣ ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የኅትመት ዓመት ጥላሁን ካረፈ በኋላ ነው። ጥላሁን ያረፈው ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ነው። ነገሩ እዚያው አለቀ።

ስለዚህ ከዓመቱ ጀምሩ። አምሐ ሪከርድስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ሸክላ ያወጣው ከ1961 እስከ 1967 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ የዚያ ዘመን ሥራዎች ውጭ አገር እንደገና ይታተማሉ፤ አንዳንዱ የድሮውን ሽፋን እንደለበሰ ነው። የውጭው ኅትመት ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ የአቆጣጠሩን ልዩነትም አትርሱ።

ቀጥሎ መስመሩን እዩ። መዝገብ ቤት ስሠራ ፊርማ ማመሳከር የዕለት ሥራዬ ነበር። ሰው የራሱን ፊርማ ሲፈርም እጁ ይሮጣል። መስመሩ ሲጀምርም ሲጨርስም እየቀጠነ ይሄዳል። አስመስሎ የሚፈርም ግን ይሥላል፦ ጫፉ ይደነብዛል፣ ቆም ያለበት ቦታ ላይ ቀለም ይጠራቀማል፣ ኩርባው ላይ ይንቀጠቀጣል። ዕድሜና ሕመምም እጅ ያንቀጠቅጣሉ፤ ስለዚህ ድምፃዊው በዚያው ዘመን ከፈረማቸው ጋር አስተያዩት። ከሌላ ፊርማ ጋር በልክ አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠራጠሩ። ማንም ሰው ሁለቴ አንድ ዓይነት አይፈርምም። «ለእገሌ» ተብሎ መታሰቢያ የተጻፈበትን እኔ እመርጣለሁ፤ የሚመሳከር ጽሑፍ ይበዛል።

የካሴት ሽፋን ከሆነ እጥፋቱን አቅርባችሁ እዩ። ከተፈረመ በኋላ የታጠፈ ከሆነ ቀለሙ ከወረቀቱ ልባስ ጋር ይሰነጠቃል፣ ነጩ ብቅ ይላል። ወረቀቱ ካረጀ በኋላ የተፈረመ ከሆነ ግን ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ገብቶ እንደ ደም ሥር ይዘረጋል። ይሄ ብቻውን ሐሰት አያሰኘውም፤ የቆየ ካሴት ይዞ ሄዶ የሚያስፈርም አድናቂ አለ። ሻጩ «ካሴቱ የወጣ ሰሞን ነው ያስፈረምኩት» ካለ ግን ወሬው አይገጥምም።

እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጫናል። ሻጩ ፍላሽ አጥፍቶ፣ ጠዋት ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ከጎን አንስቶ ይላክላችሁ፤ ጎድጓዱ ይታያል። በእጃችሁ ሲገባ በወርቅ ሠሪ አጉሊ መነጽር እዩት። መስመሩ በደቃቅ ባለቀለም ነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ ከሽፋኑ ጋር የታተመ ነው።

የማረጋገጫ ወረቀት አለው ቢሏችሁ፣ ወረቀት ማንም ያትማል። የሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ቁጥሩንም ከሻጩ ሳይሆን ከሰጪው አጣሩ። የትና መቼ እንደተፈረመም ጠይቁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ጥያቄ ድገሙት። ዕቃውን ሳታዩ በቴሌብር ቀብድ አትላኩ። ከጎን የተነሳ ፎቶ አልክም ካለ ተዉት።