ስንዴና ገብስ ስታቆሙ የጉልበትና የስሜት ለውጡን እንዴት እንደምትከታተሉ

ዳቦ ያቆመ ሰው በሦስተኛው ቀን «ቀለል አለኝ» ማለት ይወዳል። እኔም ብያለሁ። በሰባተኛው ቀን ግን በ10 ብር መልስ ከባጃጅ ሾፌር ጋር ልተናነቅ ምንም አልቀረኝም። ሁለቱም የመጡት በዳቦው ምክንያት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ደብተር የያዝኩት ለዚህ ነው።

ከማቆማችሁ በፊት ተመርመሩ

ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ የገዛ ትንሹን አንጀቱን ያጠቃል። አንጀቱ ሲጎዳ አይረንና ሌላው ንጥረ ነገር በወጉ አይገባም። ድካሙ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው።

በሽታው በደም ምርመራ ይፈለጋል፤ ብዙውን ጊዜ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከአንጀት ናሙና ተወስዶ ይረጋገጣል። ታዲያ ምርመራው የሚያዋጣው ግሉተን እየበላችሁ ሳለ ነው። ካቆማችሁ ከቆያችሁ ውጤቱ በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። እኔ ቀድሜ አቁሜ ነበር የሄድኩት። ሐኪሙ ሳቀና «6 ሳምንት ዳቦ ብላና ተመለስ» አለኝ። በሐኪም ትእዛዝ ዳቦ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው። ውጤቱ «አለብህ» አለ፤ ደም ማነስም ተገኘብኝ።

በዚያው ጉዞ ደም ማነስን፣ ቫይታሚን ቢ12ን እና ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት ዕጢ አሳዩ። ሰውን የሚያደክመው እህል ብቻ አይደለም።

አንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ ጻፉ

ጉልበታችሁን ጠዋት ስትነሱና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡት። ማታ ስሜታችሁን እንዲሁ። ከጎኑ እንቅልፍ፣ ቡና፣ ጾም ይሁን አይሁን፣ እና ዕለቱ ምን እንደዋለ። የእኔ አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦

«ማክሰኞ። ጠዋት 2፣ 9 ሰዓት 1፣ ማታ 2። እንቅልፍ 5 ሰዓት። ቡና 4 ሲኒ። ለቅሶ ቤት ዋልኩ።»

የመጨረሻዋ ነገር ባትጻፍ ኖሮ ከወር በኋላ ያንን «1» ለዳቦ እሰጠው ነበር።

ነጥብ ደግሞ ያታልላል፤ በእግር የሚለካ ነገር ጨምሩበት። እኔ እሑድ እሑድ ባሕር ዳር ያለው በዛዊት ኮረብታ ላይ እወጣለሁ። ስንት ጊዜ ቆሜ እንዳረፍኩ ብቻ ነው የምጽፈው።

ጓዳውን ፈትሹ

«እንጀራ እኮ ጤፍ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ጤፍ ግሉተን የለውም። እኛ ጋ የሚቀላቀለው የፎገራ ሩዝም የለውም፤ ዳጉሳ፣ ማሽላና በቆሎም እንደዚያው። ጣጣው ገብስ ወይም ስንዴ የገባበት እንጀራ ላይ ነው። የተጋገረ ከገዛችሁ ሻጯን «ምን ምን አለበት?» በሏት። አጃም፣ የጎጃም ደጋ እንግዶ የሚለው፣ ከገብስና ከስንዴ ጋር ስለሚደባለቅ ለጊዜው ይቅር።

እቤት ለሚጋግር ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ እርሾ ነው። ከጎረቤት የመጣ እርሾ የጎረቤትን ገብስ ይዞ ይመጣል። በንጹሕ ጤፍ አዲስ ጣሉ።

ሁለተኛው ወፍጮ ነው። እኔ ከመሰለፌ በፊት ሰዉ ምን እንደያዘ አያለሁ። ስንዴ ካስፈጨ ሰው ኋላ አልገባም፤ ማሽላ የያዘ ካለ ከሱ ቀጥዬ እቆማለሁ። መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ ሁለት ጣሳ ለብቻው አስቀብዬ ለጎረቤት እሰጣለሁ። ፈጪው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ «ጋሼ፣ ጤፉ ምን አደረገህ?» ሲለኝ ነበር። አሁን ለምዶኛል፤ ጣሳውን ራሱ ነው የሚያቀብለኝ።

ሌላውን ላሳጥረው። በሶ፣ ቂንጬ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳ ይቀራሉ። ጠላና ቢራም፣ ብቅል አለባቸው። በቡና ላይ የገብስ ቆሎው በፈንድሻ ይተካል። የጣና ዓሣ ንጹሕ ነው፤ ዱቄት ነስንሰው የሚጠብሱ ስላሉ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ኮተሌቱን እርሱት።

ጸበል ጻዲቅ ላይ ዳቦና ጠላ ሲቀርብ «በሞቴ!» ይመጣል። ስለ ግሉተን ማብራራት አትጀምሩ። «ሐኪም ከልክሎኛል» በሉ፣ ያልቃል። ስለ ቅዱስ ቁርባን የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት ታነቡታላችሁ?

የሦስተኛው ቀን ደስታ በከፊል ተስፋ ነው። ተስፋ አይጠላም፣ ግን ገና ማስረጃ አይደለም። የሰባተኛው ቀን ንዴትስ? ደብተሬን ገልጬ አየሁት። ድሮ ቁርሴ ዳቦ በሻይ ነበር። ዳቦውን አወጣሁና በቦታው ምንም አላስገባሁም፤ ለካ ሳምንቱን ሙሉ በባዶ ሆዴ ነው የወጣሁት። ዳቦ ስታወጡ ፍርፍር፣ እንቁላል፣ ድንች፣ የሆነ ነገር አስገቡ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሻለው ሆድ ነው፣ መነፋቱ ይቀንሳል። ጉልበት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ደም ማነስ ካለ ኪኒን ተጀምሮም ወራት ይፈጃል፤ የአዋቂ ሰው አንጀት እስኪያገግም ደግሞ ከዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። ምግብ እንደተበላ የሚጠጣ ቡናና ሻይ አይረኑን ይሻማል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዩት። (እኔን የከበደኝ ዳቦው ሳይሆን ይሄ ነው።)

ስሜት ቀጥ ብሎ አይወጣም። የአንድ ቀን ነጥብ አትመኑ፣ የሳምንቱን አማካይ ተመልከቱ። ጭንቀቱ ወይም ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ከእህል ጋር አታያይዙት፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ የዛኑ ዕለት ሂዱ፣ ለቅርብ ሰውም ንገሩ።

ተመርምራችሁ ሴሊያክ ከሌለባችሁና ለሙከራ ብቻ ካቆማችሁ፣ ከ6 ሳምንት በኋላ ዳቦውን ለአንድ ሳምንት መልሱና ደብተሩን አወዳድሩ። ለውጥ ከሌለ ለምን ትቸገራላችሁ? ሆዳችሁ ከተነፋም የግድ ግሉተን ነው ማለት አይደለም። ስንዴ ውስጥ ፍሩክታን የሚባል ሌላ ነገር አለ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥም አለ። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግን ይህን ሙከራ በራሱ አይሞክር።

ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው እሑድ፦ «በዛዊት። 4 ጊዜ አረፍኩ።» ዘጠነኛው እሑድ፦ «በዛዊት። 1 ጊዜ፣ እሱም ዓባይ ውስጥ ጉማሬ አለ ብለው አስቁመውኝ። ጉማሬው አልታየኝም።»